እንጦጦን በአንድ ቀን፦ ከፒያሳ ተነስቶ አሮጌውን የተራራ ከተማ አይቶ መመለሻ

እንጦጦ ሲባል አሁን አሁን ብዙው ሰው ትዝ የሚለው ፓርኩ ነው። በመኪና ይወጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በመጣበት ይመለሳል። በፓርኩ ቅሬታ የለኝም። ግን ፓርኩ በ2013 መጀመሪያ ከመመረቁ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ እዚያው የተራራ ጀርባ ላይ ከተማ ነበረ፤ ቤተ መንግሥት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ የመኳንንትና የወታደር ሰፈር የነበረው የምኒልክ መቀመጫ። ከተማው የቆመው ከተራራው በሚቆረጥ እንጨትና በሚፈለጥ ድንጋይ ነው። እንጨቱ ሲሳሳ ኑሮው ከበደ፣ ሰዉም ወደ ሜዳው ወረደ። ወርቁ ሲያልቅ ነዋሪው ጥሎት እንደሚሄድ የማዕድን ከተማ በሉት፤ ልዩነቱ የእንጦጦ ሰው ርቆ አለመሄዱ ነው፣ ግርጌው ላይ አዲስ አበባን ሠራ።

ይህ መመሪያ ያንን አሮጌ ከተማ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው። መነሻችን ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ነው፤ የግል መኪና አያስፈልግም። ሙሉ ቀን ካላችሁ ደስ ይላል፣ ራጉኤልንና ፓርኩን ከተዋችሁ ግን ግማሽ ቀንም ይበቃል። አንድ ደንብ ብቻ አጥብቃችሁ ያዙልኝ፦ አቀበቱን በታክሲ፣ ቁልቁለቱን በእግር። ብዙ ጎበዝ ነኝ ባይ ግልባጩን ያደርጋል፤ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቅና ሙዚየሙን በር ላይ ሆኖ አይቶ ይመለሳል። ከዚያም በታክሲ ሲወርድ በጣም ሊታይ የሚገባው ነገር በመስኮት ያልፈዋል።

1. ቀኑን መምረጥ

ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ተራራው ከጉም አይወጣም። ጭቃው ያንሸራትታል፤ ከተማዋን ከላይ አያለሁ ብላችሁ ወጥታችሁ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ዛፍ እንኳ ላታዩ ትችላላችሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ጥቅምት ላይ ሜዳው አረንጓዴ እንደሆነ ስለሚቆይ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ብርዱን ግን አትናቁት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለምን እንደሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንጦጦ ማርያም ደጅ ስትቆሙ ይገባችኋል።

ከወሩ ቀናት ደግሞ ሁለቱን እወቁ። በ21 ማርያም ናት፣ በ1 ልደታና ራጉኤል። በነዚህ ቀናት መንገዱ፣ ታክሲው፣ ደጀ ሰላሙ ሁሉ በምዕመን ይሞላል። ሕዝቡን፣ ነጭ በነጭ የለበሰውን ሰው፣ የጧፍና የእጣን ሻጮችን ማየት የሚፈልግ በነዚህ ቀናት ይውጣ። ሙዚየሙንና ቤተ መንግሥቱን ተረጋግቼ ልይ የሚል ሌላ ቀን ይፈልግ።

አንድ ነገር ደግሞ ጎብኚዎች ሁልጊዜ የሚዘነጉት አለ፦ የጾም ቀን። በፍስክ ቀን ቅዳሴው በጠዋት ይጠናቀቃል። በጾም ቀን ግን፣ እንደ ደብሩ ቢለያይም፣ ከቀትር አካባቢ ተጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ የምትሄዱ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑን በጠዋት አስቀድሙ። በፍስክ ቀን ደግሞ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ፣ 3 ሰዓት ገደማ ብትደርሱ ይሻላል።

2. የሚያዝ ነገር

ፒያሳ ላይ በሹራብ የሚወጣ ሰው እንጦጦ ላይ ጃኬት ይፈልጋል። ከፒያሳ እስከ ማርያም ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ስለምትጨምሩ ሙቀቱ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ይወርዳል፤ ንፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያ በላይ የወረደ ይመስላል። ፀሐዩ በአንጻሩ ይበረታል፤ ከፍታው የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው፣ እየበረዳችሁ ፊታችሁ ይቃጠላል። ኮፍያ ያዙ።

ጫማው የሚይዝ ሶል ይኑረው። ነጠላ፣ ለሴቶች የግድ፣ ለወንዶችም መልካም ነው። ውኃ ያዙ፤ ለመንገድ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ያዙ። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ታክሲ ላይ መቶ ብር አውጥቶ ከረዳት ጋር መልስ ሲጠብቁ መውረጃን ማለፍ የታወቀ ነው። መታወቂያ አይረሳ።

ንጹሕ ካልሲ! ይህን የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጫማ ይወልቃል፣ ወለሉ ደግሞ ብርድ ነው።

3. መውጣት

ከፒያሳም ከአራት ኪሎም የመጀመሪያው መዳረሻ ሽሮ ሜዳ ነው። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በመሃል ከተማ ብዙ የታክሲ መጫኛዎች ቦታ ስለለወጡ፣ ድሮ የምታውቁት ቦታ ላይ ቆማችሁ አትጠብቁ፤ ተራ አስከባሪውን ጠይቁ። ታክሲው በስድስት ኪሎ ያልፋል፤ በቀጥታ ሽሮ ሜዳ የሚሄድ ካጣችሁ እስከ ስድስት ኪሎ ሄዳችሁ እዚያ ቀይሩ።

ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ገበያው ይጠራችኋል። አትቆሙ። አሁን የገዛችሁት ጋቢ ቀኑን ሙሉ ጀርባችሁ ላይ ነው የሚውለው፤ ገበያውን ስንመለስ እንደርስበታለን። ሽቅብ የሚሄዱት ታክሲዎች የሚጫኑበትን ጠይቃችሁ «እንጦጦ ማርያም» የሚለውን ያዙ። ሚኒባሱ ሰው ካልሞላ አይነቃነቅም፤ ከሞላ በኋላ ደግሞ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ከተማዋ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ብቅ ትላለች።

በራይድ የምትሄዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ለሹፌሩ መዳረሻችሁ ቤተ ክርስቲያኑ እንጂ ፓርኩ እንዳልሆነ በግልጽ ንገሩት። እንጦጦ ስትሉት በራሱ ወደ ፓርኩ በር ነው የሚወስዳችሁ።

4. መጀመሪያ ቁጭ በሉ

ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናችሁ። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ስለለመደ አይሰማውም ይባላል፣ ግን ደረጃ ስትወጡ ልባችሁ ሲደልቅ ታውቁታላችሁ። ከዱባይ ወይም ከዲሲ ለእረፍት የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ ደግሞ በመጣ ማግስት አታውጡት፤ ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ይቆይ። ጠዋት ጠዋት በአጠገባችሁ ሽው እያሉ የሚያልፉት ሯጮች እንዲያሳፍሯችሁ አትፍቀዱ፤ እነሱ የሚመጡት ሆን ብለው ለዚሁ ለሳሳው አየር ነው።

ሻይ የምትሸጥ እናት አታጡም። አንድ ሻይ ጠጡና ተነሱ።

5. እንጦጦ ማርያም

በግቢው በር ስትገቡ ተሳልማችሁ ወይም ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እለፉ። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ፣ የምትሳለሙ ከሆነ በየቦታችሁ ቁሙ፤ ጉብኝት ብቻ ከሆነ ውጭ ሆናችሁ ጠብቁ። ከቅዳሴ በኋላ ውስጡን ለማየት ፈቃድ የሚጠየቀው ከዲያቆኑ ወይም ከአስተናጋጁ ነው። «አባቴ፣ ይባርኩኝ» ብሎ ለካህኑ ሰላምታ መስጠት ሁሉንም በር ይከፍታል፤ ካሜራ አንጠልጥሎ ዘው ማለት ደግሞ ይዘጋል።

ቤተ ክርስቲያኑን መጀመሪያ ዙሩት። ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። አንድ ቦታ ቆማችሁ ሙሉውን ማየት አትችሉም፣ ስለዚህ በእርጋታ ዙሩ፤ ከምዕመናኑ ጋር የማትጋፉበትን አቅጣጫ ተከተሉ።

ታሪኩን እዚሁ ደጅ ላይ ሆናችሁ አስቡት። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ከተሙ። ቦታው ቀድሞ የአፄ ዳዊት ከተማ ነበረ የሚል አፈ ታሪክ ነበር፤ ለጥበቃም ይመቻል፤ ከዚህ ጀርባ ላይ ማንም ሳይታይ አይመጣም። ብርዱ፣ ንፋሱና የእንጨት እጦቱ ግን አላስቀምጥ አለ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደዱ፣ በ1879 አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ መኳንንቱም ቀስ በቀስ ተከትለው ወረዱ።

ይህን ያህሉን ሁሉም ሰው በትምህርት ቤት ሰምቶታል። የሚዘነጋው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ምኒልክ ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተብለው የነገሡት ከታች፣ በአዲሲቱ ከተማ አይደለም። ጥቅምት 25 ቀን 1882፣ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ዘውዱን የጫኑት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ከተማው ወርዷል፣ ክብሩ ግን ገና ላይ ነበር።

ግቢው አካባቢ ጠበል ፍለጋ የመጡ ሕመምተኞች ታገኛላችሁ፤ ከሩቅ ክፍለ ሀገር መጥተው ለወራት የሚቆዩም አሉ። እነሱን ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ቆማችሁ ማየትም ያው ነው።

6. ሙዚየሙ

በግቢው ያለው ሙዚየም ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ቲኬት ይቆረጣል፤ የሚያስጎበኝ ሰው ካለ አብሯችሁ ይግባ፣ ምክንያቱም ብቻችሁን ከገባችሁ የምታዩት በመስታወት ውስጥ የተንጠለጠለ ልብስ ብቻ ነው። የንጉሡና የእቴጌይቱ አልባሳት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጧቸው ንዋያተ ቅድሳት እዚህ አሉ። ካባዎቹን ስታዩ ወርቀ ዘቦውን ብቻ አትዩ፤ ጨርቁ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ልብ በሉ። ከባድ የተደረገው ለክብር ብቻ አይመስለኝም።

ፎቶ ይቻል እንደሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። አይቻልም ከተባለ አይቻልም ነው፤ «አንድ ብቻ» ብሎ መለማመጥ ለአስጎብኚው አሳፋሪ ነው፣ ለእናንተም።

7. ቤተ መንግሥቱ

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «ይሄ ነው?» ይላል። አዎ፣ ይሄ ነው። የታችኛውን ቤተ መንግሥት ወይም አንድነት ፓርክን ያየ ሰው ግርማ ይጠብቅና የሚያገኘው በኖራ የተቀባ የጭቃ ቤት ነው። ለእኔ ግን የእንጦጦ ጉብኝት ልቡ እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁን ከሌላው ቀንሳችሁ እዚህ ጨምሩ።

ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ። ኖራው በተነሣበት ቦታ ውስጡ ይታያል፦ ጭቃና ጭድ ተቦክቶ የተመረገ፣ ውስጡ እንጨት፣ ከሥሩ ድንጋይ። ሀገር ቤት የአያታችሁን ቤት ሲመርጉ ያያችሁት አሠራር ነው። የአንድ መንግሥት ጉዳይ የሚቆረጠው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነበር። አሁን ደግሞ ዓይናችሁን አንሡና ጣሪያውን የተሸከመውን እንጨት ተመልከቱ፤ ምሰሶውን፣ ወጋግራውን፣ ማገሩን። ለአንድ አዳራሽ ይህን ያህል እንጨት ከሄደ ለሠራዊቱ፣ ለመኳንንቱ ቤት፣ በየቀኑ ለሚነደው ምድጃ፣ ለግብሩ ስንት እንደሄደ አስሉት። ተራራው ያኔ የጥድና የወይራ አገር ነበር። ዛሬ የነዚያን አገር በቀል ዛፎች ዘር ማየት ከፈለጋችሁ የምታገኙት በአመዛኙ በቤተ ክርስቲያኖቹ ግቢ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ባሕር ዛፍ ነው።

እንጨቱ የማለቁ ጉዳይ ከታችም ተከትሏቸዋል። አዲስ አበባ ራሷ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ ደርሳ ነበር፤ ምኒልክ በ1890ዎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን ማሠራት የጀመሩት መናገሻውን ለማዛወር አስበው ነው። ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የአካባቢውን ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሌላ አያበቅልም ብለው የሚያማርሩት ትክክል ናቸው፤ ግን ያለ እሱ አራት ኪሎም ፒያሳም ባሉበት አይቆዩም ነበር።

8. ጀርባው ላይ መቆም

ከቤተ መንግሥቱ ወጥታችሁ የተራራው ጀርባ ላይ ሁለቱም ወገን የሚታይበትን ቦታ ፈልጉ። ወደ ደቡብ ዙሩ፦ ከተማዋ በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ናት። በስተቀኝ ወጨጫ፣ ከእሱ ወዲህ ፉሪ፣ በስተግራ የረር፤ ሰማዩ ከጠራ ደግሞ በሩቁ ዝቋላ። አሁን ወደ ሰሜን ዙሩ፦ የሱሉልታ ሜዳ።

ውኃ ከያዛችሁ ጥቂት በደቡብ፣ ጥቂት በሰሜን አፍስሱ። በደቡብ በኩል የወረደው ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። በሰሜን በኩል የወረደው በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላልና መንገዱ እስከ ሜዲትራኒያን ነው። የቆማችሁበት ጀርባ የሁለቱ ተፋሰሶች ድንበር ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከሙዚየሙ ይልቅ ይህን ነው የሚያስታውሱት።

9. ራጉኤልና ፓርኩ፣ ጉልበት ካለ

እንጦጦ ራጉኤል ከማርያም ጥቂት ራቅ ይላል፤ እሱም በምኒልክ ዘመን የተሠራ ነው። ጊዜ ያለው ይሂድ፤ ሥነ ሥርዓቱ ከላይ እንዳልኩት ነው። ፓርኩ ደግሞ ራሱን የቻለ ቀን ነው። ምሳ መብላትና መጸዳጃ ቤት መጠቀም ከፈለጋችሁ ጎራ በሉ፤ ዋጋው የከተማ ካፌ ዋጋ ስለሆነ በጾም ቀን በሶ ይዞ የወጣ ሰው ተጠቃሚ ነው።

10. መውረድ

ከ8 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ቁልቁለቱን ጀምሩ። እስከ ሽሮ ሜዳ በእርጋታ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በዋናው መንገድ ዳር ዳሩን ሂዱ፤ በጫካው ውስጥ የሚያቋርጡ ቀጫጭን መንገዶች አሉ፣ ግን የአካባቢው ሰው አብሯችሁ ከሌለ አትግቡባቸው። ሥጋቱ ሁለት ነው፦ ቀን ቀማኛ፣ ሲመሽ ጅብ። ብቻችሁን ሳይሆን ሦስት አራት ሆናችሁ ውረዱ፣ ስልካችሁን እጃችሁ ላይ አታንጠልጥሉ።

መንገዱ ተራራውን በቆረጠበት ቦታ ሁሉ ድንጋዩን ተመልከቱ። እንጦጦ የቆየ እሳተ ገሞራ ነው፤ አለቱ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። በብዛት የምታዩት ራዮላይትና ትራካይት የሚባሉት ናቸው፤ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ አንዳንዱ ቀላ ያለ፣ ሲፈለጥ ጠፍጣፋ ፊት የሚሰጥ። አንዳንድ ቦታ ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ባልጩት ይገኛል። ግንበኛ ይህን ድንጋይ ይወደዋል። በከተማዋ ዙሪያ ካሉ የድንጋይ ማውጫ ካባዎች እየወጣ፣ በመዶሻና በመሮ እየተጠረበ የአዲስ አበባን መሠረት፣ አጥርና ደረጃ የሠራው ይኸው የተራራ ድንጋይ ነው። አንድ የድንጋይ ስባሪ አንሡና ቀለሙን አስታውሱት፤ ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ አካባቢ ካሉ የቆዩ የድንጋይ አጥሮች ጋር እያስተያያችሁ ሂዱ።

ድንጋዩን እያያችሁ ሳለ ከኋላችሁ የጫማ ኮሽታ ትሰማላችሁ። ዘወር በሉና መንገድ ልቀቁ። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ናቸው።

ሸክሙ ከተሸካሚዋ ቁመት ይበልጣል፤ ጀርባዋ ላይ አግድም ተኝቶ ግራና ቀኝ መንገዱን ይሞላዋል። ገመዱ በደረቷ ዞሮ ታስሯል፣ ወገቧ ስለጎበጠ ከፊቷ የሚታያት የእግሯ ጫማና የሚቀጥለው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ቆም ማለት አትችልም፤ ሸክሙ ይገፋታል። ስለዚህ «እናቴ፣ ይለፉ» ብላችሁ ወደ ዳር ወጥታችሁ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። ማረፍ ሲፈልጉ ሸክሙን መሬት አያደርጉትም፣ ብቻቸውን መልሶ ማንሣት አይቻልማ፤ ጀርባቸውን ለአጥር ወይም ለመንገድ ዳር ካብ ሰጥተው፣ ሸክሙን እላዩ ላይ አሳርፈው ቆመው ነው የሚተነፍሱት። እዚያ ላይ ያገኛችኋትን ሴት ሰላም በሉ፣ ውኃ ካላችሁ ስጡ። ፎቶ ግን አይሆንም። ፈቃድ ጠይቄ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ እንዲያ ተጭና ቆማ እምቢ ለማለት ጉልበቱ እንደማይኖራት ያስብ።

ቅጠሉም አይጣልም። የረገፈው የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጠርጎ በከረጢት ይወርዳል፣ እንጀራ ይጋገርበታል። ዛፉ ልጅ ሳለ ቅጠሉ ሰፊና አመድማ ነው፣ ሲያድግ ደግሞ ረጅምና እንደ ማጭድ የታጠፈ ይሆናል፤ ሁለቱን ከአንድ ጉቶ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ለጉንፋን የምትታጠኑበት የምትፈልጉ እፍኝ ቅጠል ያዙ።

11. ሽሮ ሜዳ

አሁን ግዙ። ሽሮ ሜዳ የሸማ ሠፈር ነው፤ ከጋሞ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ኑሯቸውን የመሠረቱበት። ከፊት ለፊት የተደረደሩት ሱቆች የሚያሳዩአችሁ የሚያብረቀርቀውን የሠርግ ቀሚስ ነው። ነጠላ ወይም ጋቢ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ወደ ውስጥ ዝለቁ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋ አይደለም፣ «ፈትል ነው?» ነው፤ በእጅ የተፈተለ ነው ወይ ማለት ነው። ጥሩ ሻጭ እንዲህ ይመልሳል፦ «ድሩ የፋብሪካ ነው የኔ እናት፣ ማጉ ግን ፈትል ነው።» ድር በቁመት የተዘረጋው ክር፣ ማግ በአግድም የሚገባው ነው። ይህ የታማኝ ሰው መልስ ነው፤ ዛሬ ብዙው ሸማ እንዲያ ነው የሚሠራው። «ሁሉም የእጅ ነው» ብሎ በፍጥነት የሚምል ካለ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሡት። በእጅ የተፈተለ ማግ አንዳንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንዳንድ ቦታ ይቀጥናል፤ የማሽን ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ከዚያ ጥለቱን ገልብጡት። በእጅ የተጣለ ጥለት ጀርባውም ሥራው ይታያል፤ የታተመ ከሆነ ቀለሙ ጀርባው ላይ ይፈዛል። ጋቢ ከሆነ አራት እጥፍ መሆኑን ዳሩን ቆጥራችሁ አረጋግጡ።

ክርክሩ የግድ ነው፣ ግን በወግ። ሻጩ ዋጋ ሲጠራ አትደንግጡ፣ አትሳቁበትም፤ «ትንሽ አስተካክልልኝ ወንድሜ» በሉና የምትከፍሉትን ጥሩ። ካልተስማማችሁ አመስግናችሁ ውጡ፤ ሦስት እርምጃ ሳትሄዱ «ነይ በቃ፣ ልጨርስልሽ» ካልተባላችሁ የጠራችሁት ዋጋ ከልክ ያነሰ ነበር ማለት ነው። ሸማኔው ራሱ ከሆነ የሚሸጥላችሁ ብዙ አትከራከሩ። ጋቢ የብዙ ቀን ሥራ ነው።

12. ወደ መሃል መመለስ

ከ11 ሰዓት በኋላ ሽሮ ሜዳ ላይ የታክሲ ሰልፉ ይረዝማል። አማራጩ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር መቀጠል ነው፤ ቁልቁለት ነው፣ መንገዱም ሰው አይታጣበትም። በመሃል የአሜሪካ ኤምባሲን ስለምታልፉ እዚያ አካባቢ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፤ ፎቶ ለማንሣት ብትሞክሩ ጥበቃዎቹ ያስቆሟችኋል። ስድስት ኪሎ፣ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ጋ ስትደርሱ ለፒያሳም ለአራት ኪሎም ታክሲ ታገኛላችሁ። ገና ጊዜ ያለው ሰው ወደ አምስት ኪሎ ቁልቁል ይሂድ፤ ብሔራዊ ሙዚየሙ መንገድ ላይ ነው፤ ግን ከመዘጋቱ በፊት ለመድረስ ከእንጦጦ በ7 ሰዓት መነሣት ነበረበት።